ከጠፈር የመጣን ብርሃን ማንበብ
በሐይቅ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ሥራዬን ስናገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። «በዚያ ቴሌስኮፕ ስታይ ምን ይታይሃል?» ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቴሌስኮፑ ግን ማንም በዓይኑ አያይበትም። ጄምስ ዌብ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ከደቡብ አሜሪካ፣ ከፈረንሳይ ጉያና ተወንጭፎ ዛሬ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል፤ ከጨረቃ አራት እጥፍ ያህል መራቁ ነው። መስተዋቱ ከ18 ቁራጮች የተገጠመ፣ ወርዱ 6.5 ሜትር የሆነ ነው። ብርሃን ይሰበስባል፤ በውስጡ ያሉት መሣሪያዎች ብርሃኑን ወደ ቁጥር ይለውጡታል፤ ቁጥሩ በሬዲዮ ሞገድ ይወርድና በካሊፎርኒያ፣ በስፔንና በአውስትራሊያ የተተከሉ ግዙፍ አንቴናዎች ይቀበሉታል። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ያ ቁጥር ነው። ሥራዬ ከዚያ ቁጥር ውስጥ የኮከቡን ወይም የጋላክሲውን ቃል አጥርቶ ማውጣት ነው።

በየጋዜጣውና በየስልኩ የምታዩዋቸውን ያማሩ ሥዕሎች እኔም እወዳቸዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለሌላኛው ዓይነት ውጤት ነው። እሱ ለዓይን አያምርም፤ ነጭ ወረቀት ላይ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ አንድ መስመር ነው። አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ወደየት እንደሚሮጥ፣ ስንት ዘመን እንደተጓዘ የሚናገረው ግን እሱ ነው። ስሙ ስፔክትረም ይባላል።

የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ብታሳልፉት ቀለሞቹ ተለያይተው እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1814 ፍራውንሆፈር የሚባል ጀርመናዊ የመስታወት ባለሙያ ይህን የተዘረጋ ብርሃን አቅርቦ ሲመረምር በቀለሞቹ መሀል በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አገኘ። ምንነታቸውን ሳያውቅ ሞተ። መልሱን ከ40 ዓመት በላይ ቆይተው ያመጡት ኪርሆፍና ቡንዘን ናቸው፦ ሃይድሮጅኑም፣ ሶዲየሙም፣ ብረቱም፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ብርሃንን የሚውጥበትና የሚተፋበት የራሱ ቦታ አለው። ቦታው አይለዋወጥም። እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅንና በሩቅ ኮከብ ላይ ያለው ሃይድሮጅን አንድ ዓይነት መስመር ነው ያላቸው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ከእኛው ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ወር፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። የአውሮፓ ሊቃውንት መሣሪያቸውን ይዘው እስከ ሕንድ ድረስ ዘልቀው ነበር። በዚያ ግርዶሽና ተከትለው በመጡት ወራት ከፀሐይ ዳርቻ በሚወጣው ብርሃን ውስጥ አንዲት ደማቅ ቢጫ መስመር ተመዘገበች፤ በምድር ላይ ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር መስመር ጋር አልገጥም አለች። እንግሊዛዊው ሎክየር «ይህ እዚህ የሌለ ነገር ነው» ብሎ በግሪክኛው የፀሐይ ስም ሂልየም አለው። ብዙዎች አልተቀበሉትም። ራምዚ የተባለው ኬሚስት ያንኑ ጋዝ ከድንጋይ ውስጥ ያወጣው በ1887 ዓ.ም. ነው። ሰው ሂልየምን በእጁ ከመያዙ 27 ዓመት አስቀድሞ በፀሐይ ላይ አውቆት ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደምናገረው! ሁልጊዜም ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልግባ። አጽናፈ ዓለሙ እየሰፋ ነው፤ ከሩቅ ጋላክሲ የተነሣ ብርሃን በመንገዱ ሳለ ሞገዱ ይለጠጣል። ሲለጠጥ መስመሮቹ ከነበሩበት ተነሥተው ወደ ቀዩ ወገን፣ ከቀዩም አልፈው ዓይን ወደማያየው ኢንፍራሬድ ይሄዳሉ። ሬድሺፍት የምንለው ይህንን ነው። ታዲያ መስመሩ ከቦታው ከተነሣ የሃይድሮጅን ይሁን የኦክስጅን በምን እናውቃለን?

ይህን ለማስረዳት የአምባሰል ሰው ፊት ከመቆም የተሻለ ዕድል የለም። በአገራችሁ ስም የተጠራ ቅኝት አላችሁ። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትዘፍን ሰምታችኋል። አንድ ሌላ ድምፃዊ ያንኑ በወፍራም ድምፁ ዝቅ አድርጎ ቢጀምረው፣ ማሲንቆ መቺውም ክሩን ለእሱ ቢያላላለት፣ ዜማው ባቲ ሆነ፣ ትዝታ ሆነ የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? የለም። ጆሯችሁ የሚይዘው በአምስቱ ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት ነው። መነሻው ከፍ ይበል ዝቅ ይበል፣ እርስ በርሳቸው ያላቸው ተመጣጣኝነት እስካልፈረሰ ድረስ አምባሰል አምባሰል ነው። የብርሃኑም ነገር ቁርጥ ይኸው ነው። ዜማ ሲወርድ የሁሉም ድምፆች ንዝረት በአንድ ቁጥር እንደሚካፈል፣ ጋላክሲው ሲርቅ የሁሉም መስመሮች የሞገድ ርዝመት በአንድ ቁጥር ይባዛል። የሒሳቡ ሕግ አንድ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ኦክስጅን ኔቡላ በሚባለው የጋዝ ደመና ውስጥ የሚያበራቸው ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ መስመሮች አሉት፤ አንዱ 496 ናኖ ሜትር፣ ሌላው 501 ናኖ ሜትር ላይ ነው። ከእነሱ በስተግራ 486 ላይ የሃይድሮጅን መስመር አለ። የአንድ ሩቅ ጋላክሲ ፋይል እከፍታለሁ እንበል፤ በ3.89፣ በ3.97 እና በ4.01 ማይክሮ ሜትር ላይ ሦስት ጉብታዎች አያለሁ። ሦስቱንም ወደ ናኖ ሜትር ለውጠህ ለ8 አካፍላቸው፤ 486፣ 496፣ 501 ይሆናሉ። ቅኝቱ ተገኘ። ያም ሆኖ አላምንም፤ ሌላ መፈተኛ አለኝ። የኦክስጅኑ ባለ 501 መስመር የጎረቤቱን ሦስት እጥፍ ያህል መድመቅ አለበት። ይህ በአቶሙ የውስጥ ሕግ የተወሰነ ስለሆነ ጋላክሲው ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይለወጥም። ሦስት እጥፍ ሆኖ ካገኘሁት ያን ጊዜ ደስ ይለኛል። ብርሃኑ የተነሣው አጽናፈ ዓለም ገና 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ በነበረው ጊዜ ነው፤ ዛሬ ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ነው።

ከዚህም የራቀ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ፣ ጄድስ ጂኤስ ዚ14-0 የሚባል ጋላክሲ ብርሃኑ ከ15 እጥፍ በላይ ተለጥጦ ነው የደረሰን። በቦታው ቢሆን ዓይን የማያየው አልትራ ቫዮሌት የነበረው የሃይድሮጅን ምልክት 1.8 ማይክሮ ሜትር አልፎ ኢንፍራሬድ ውስጥ ተገኘ። ጄምስ ዌብ ኢንፍራሬድ እንዲያይ ሆኖ የተሠራውም፣ ከፀሐይ ሙቀት በአምስት ንብርብር መጋረጃ የተከለለውም ለዚህ ነው። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ኢንፍራሬድ ያበራል፤ ቴሌስኮፑ ራሱ ቢሞቅ የራሱ ብርሃን ያሳውረዋል። ኒርስፔክ የተባለው የስፔክትረም መሣሪያው ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ በሚሆን ብርድ ውስጥ ነው የሚሠራው።

አሁን የዛሬውን ንግግሬን ዋና ነገር እነግራችኋለሁ። ከቴሌስኮፑ የሚመጣው ቁጥር የኮከቡ ቃል ብቻ ሆኖ አይመጣም። የመሣሪያው ጠባይ፣ የመንገዱ አደጋ፣ የብርዱና የኤሌክትሪኩ አመል ሁሉ ተደባልቆበት ነው የሚመጣው። ከቀኔ አብዛኛውን ሰዓት የሚወስደው ይህን መለየት ነው፤ ይህ ከኮከቡ ነው፣ ይህ ከመሣሪያው ነው እያሉ አንድ በአንድ።

አንዲት ፒክስል ብቻ ወስደን እንያት። ኒርስፔክ ሁለት የብርሃን መቀበያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2048 በ2048 ፒክስል፣ ማለትም ከአራት ሚሊዮን በላይ ፒክስል ነው። በአንዷ ፒክስል ላይ ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። መሣሪያው እስኪሞላ ጠብቆ አንድ ጊዜ ብቻ አይለካም፤ ሳያፈስሰው እየደጋገመ ያነበዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ፒክስል የሚደርሰኝ ቀስ በቀስ ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ነው። የዳገቱ ተዳፋትነት መጠን የብርሃኑን ብርታት ይነግረኛል። አሁን እዚያ ጠፈር ላይ መሬትን የሚጋርደው አየር የለም፤ ከፀሐይና ከሩቅ ፍንዳታዎች የሚወረወሩ የኮስሚክ ጨረሮች መቀበያውን ይመቱታል። ጨረር ሲመታት ያቺ ዳገት በድንገት ትዘልላለች፤ በሁለት ንባቦች መካከል አንድ ትልቅ ደረጃ ይፈጠራል። ከዝላዩ በፊት ያለው ዳገትና ከዝላዩ በኋላ ያለው ዳገት ግን ተዳፋትነታቸው እኩል ነው፤ የኮከቡ ብርሃን አልተለወጠማ። ስለዚህ የምንጠቀምበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ዝላዩን ቆርጦ ጥሎ ሁለቱን ቁራጭ ዳገቶች አንድ ላይ ይለካል። አንዳንዱ ጨረር ደግሞ ከብዶ ይመታና በመቶዎች የሚቆጠሩ ፒክስሎችን በክብ ቅርጽ ያበላሻል፤ በሥራው ያሉ ሰዎች «የበረዶ ኳስ» ይሉታል። እሱን ፕሮግራሙ ሁልጊዜ በትክክል አይለየውም። ዳርቻውን በዓይን ማየት አለብህ።

ሌላም አለ። የመቀበያው ኤሌክትሮኒክስ ሲያነብ ቀስ ብሎ ይዋዥቃል፤ በምስሉ ላይ ሸንተረር ሸንተረር ሆኖ ይታያል። ደብዛዛ ጋላክሲ ስትፈልግ ሸንተረሩ ራሱ ከጋላክሲው ይደምቅ ይሆናል። ኒርስፔክ በአንድ ጊዜ ብዙ ጋላክሲዎችን ለይቶ እንዲያይ ሩብ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን መስኮቶች ተሠርተውለታል፤ እያንዳንዱ መስኮት ወርዱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። የምትፈልገውን ትከፍታለህ፣ ሌላውን ትዘጋለህ። ከመካከላቸው አልዘጋ ብለው የቀሩ አሉ፤ ያልተፈለገ ብርሃን በእነሱ ሾልኮ ይገባና ሌላ ጋላክሲ ስፔክትረም ላይ ያርፋል። አንድ ያልጠበቅሁት መስመር ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው የእነዚያን ክፍት የቀሩ መስኮቶች ካርታ ነው። ጎረቤቱ ማነው? ብርሃኑ ከየት ሾለከ? ይህን ሳልጨርስ ስለ ጋላክሲው አንዲት ቃል አልናገርም።

ከዚህ በኋላ የሞገድ ርዝመቱ ይተመናል፣ ሰማዩ ራሱ የሚያበራው ይቀነሳል፣ ድምቀቱ በሚታወቅ ኮከብ ይመዘናል። ይህን ካሊብሬሽን እንለዋለን። ለእያንዳንዱ እርምጃ የተዘጋጀ ፕሮግራም አለ፤ በፓይተን የተጻፈ፣ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚወርድ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ «ኮምፒዩተሩ ከሠራው አንተ ምን ትሠራለህ?» ይለኛል። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን በታማኝነት ይሠራል። ዝላዩ ምን ያህል ሲሆን ይቆረጥ፣ ሰማዩ ከየት ተወስዶ ይቀነስ፣ የትኛው ፒክስል ይታመን፣ እነዚህ የሰው ፍርድ ናቸው። ፍርዱ ሲለወጥ ውጤቱ አብሮ ይለወጣል።

ለዚህ ነው በዘርፋችን አንድን ዳታ የተለያዩ ቡድኖች፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ከጥሬው ጀምረው የሚያጸዱት። የዋስፕ-39ቢን ነገር ውሰዱ። 700 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ ያለች፣ ሳተርንን በክብደት የምታክል፣ እንደ ምድጃ የጋለች ፕላኔት ናት። በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቧ ብርሃን በመቶ ሁለት ያህል ይቀንሳል። ከባቢ አየሯ ውስጥ ያለው ጋዝ በራሱ የሞገድ ርዝመት ላይ ትንሽ ጨምሮ ይውጣል፤ ጭማሪው ከሺህ አንድ ያህል ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በ4.3 ማይክሮ ሜትር ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምልክት በግልጽ ወጣ፤ ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ ባለ ፕላኔት ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ዳታው ለዓለም ሁሉ ወዲያው ክፍት የተደረገ ነው። የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ፕሮግራም አጸዱት፤ ጉብታው በሁሉም ዘንድ እዚያው ቦታ ቆመ። ከእሱ አጠገብ፣ 4.05 ላይ ደግሞ ማንም ያልጠበቃት ትንሽ ጉብታ ነበረች። መጀመሪያ ጽሑፉ ሲወጣ ምን እንደሆነች አልታወቀም፤ አልታወቀችም ተብላ ተጻፈች። ቆይቶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆና ተገኘች፤ የኮከቧ ብርሃን በፕላኔቷ አየር ውስጥ የቀሰቀሰው ኬሚስትሪ ውጤት ናት። እኔ ከዚያ ሥራ ሁሉ አብልጬ የማከብረው ያቺን «አልታወቀችም» የተባለችበትን ገጽ ነው።

በዚህ ረገድ የሚያሳስበኝን ልናገር። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በሬዲዮም በስልክም «በሌላ ፕላኔት ሕይወት ተገኘ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው ኬ2-18ቢ ስለምትባል፣ 124 የብርሃን ዓመት ስለምትርቅ ፕላኔት ነው። የካምብሪጅ ቡድን በጄምስ ዌብ ዳታ ውስጥ ዳይሜታይል ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ምልክት አየሁ አለ፤ ይህ ጋዝ በምድር ላይ በአብዛኛው የባሕር ጥቃቅን ሕያዋን የሚያወጡት ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ገና መረጋገጥ አለበት ብለዋል። ሌሎች ቡድኖች ያንኑ ዳታ ወስደው ደግመው ሲሠሩት ምልክቱ ደከመ፤ አንዳንዶቹ ከቀጥታ መስመር ያለፈ ነገር አላየንበትም አሉ። ሜቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያ መኖራቸው ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግቧል፤ የሕይወቱ ነገር ግን አልተረጋገጠም። ልጆቻችሁ ነገ እንዲህ ያለ ዜና ይዘው ሲመጡ «ዳታውን ሌላ ቡድን ደግሞ ሠርቶታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ ምክንያቱም ይህ ሥራ የሌላ አገር ሰው ሥራ ብቻ እንደሆነ የሚያስብ ብዙ ነው። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ላይ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ሰጥቶ ስም እንዲያወጡ ባደረገው ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱ ደግሞ አቦል ተባለ። በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው፤ በባዶ ዓይን አይታይም፣ በጥሩ የእጅ መነጽር ይታያል። አቦልን በቀጥታ ያየው ሰው የለም። የተገኘው በስፔክትረም ነው። ፕላኔቱ ኮከቡን ሲዞር ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ይወዘውዘዋል፤ ኮከቡ ወደኛ ሲመጣ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው፣ ሲሄድ ወደ ቀዩ ይሸሻሉ። ሽሽቱ ከሚሊዮን አንድ እንኳን አይሞላም። ተመራማሪዎች ያን ለዓመታት እየለኩ፣ አንዱን ዙር በ990 ቀን ገደማ የሚጨርስ፣ ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የሚከብድ ፕላኔት እንዳለ በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ። ቡናና አቦል የሚሉት ስሞች ይፋ በሆኑበት ሳምንት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች። እኔ ያንን ሳምንት አልረሳውም።

በእንጦጦ ጋራ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ፣ የመስተዋታቸው ወርድ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ከነስፔክትሮግራፋቸው ቆመዋል። ያቋቋማቸው በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው፤ ያን ጊዜ «በድሃ አገር ኮከብ መቁጠር ምን ይባላል» የሚል ትችት ሲወርድባቸው የቆዩ ሰዎች ሥራ ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ዛሬ ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ስለ ጋላክሲዎች ያስተማሩትና የመሩት ሰርቢያዊቷ ዶክተር ሚርያና ፖቪች እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ ሥነ ፈለክ ማኅበርን የጆስሊን ቤል በርኔል ሜዳልያ ተሸልመዋል። ከአገር ውጭም በናሳ ጎዳርድ ማዕከል፣ ዶክተር ብሩክ ላቀው ሳተርንን በዞረችው በካሲኒ መንኩራኩር የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ላይ ሠርተዋል፤ ዶክተር ብርሃኑ ቡልቻ ደግሞ በጨረቃ ላይ ውኃን የሚለይ ትንሽ ስፔክትሮሜትር በማበልጸግ ይታወቃሉ።

«ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚለውን የወላጆች ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ አከብረዋለሁም። ውኃ ኢንፍራሬድን ይውጣል፤ ለምለም ቅጠል ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል፤ ክሎሮፊል ቀይን ይውጣል። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላንድሳት የተባሉት፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህም ሴንቲነል-2 የተባሉት ሳተላይቶች ከላይ ሆነው ይህንኑ እየለኩ ያልፋሉ። የእናንተ ሐይቅ በኢንፍራሬዱ ምስል ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ዙሪያው ያለው ደንገልና ማሳ ደግሞ ይደምቃል። የጥቁሩ ዳርቻ ከዓመት ዓመት ወዴት እንደሄደ መለካት ይቻላል። አልጌ ሲበዛ የውኃው ቀለም እንዴት እንደሚለወጥ መከታተልም ይቻላል። በመሀል ያለው አየርና ደመና የሚያበላሸውን ማጽዳት፣ ዳታውን መሬት ላይ ከተለካ ውኃ ጋር ማመሳከር ይጠይቃል፤ ጋላክሲ ላይ የሠለጠነው እጅ እዚህም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ለጥቅሙ ብዬ አይደለም። ሰማዩ ከምን እንደተሠራ ማወቅ በራሱ የሰው ልጅ ተገቢ ምኞት ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ሐይቅ ዳር፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው መጻሕፍት ሲያከማቹ ዕውቀት ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ማንም ገበያ አልወጣም።

ተማሪዎች፣ አሁን ለእናንተ ነው። የጄምስ ዌብ ዳታ በአሜሪካ፣ ባልቲሞር በሚገኝ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ዳታውን ያስጠየቀው ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ብቻውን ይሠራበታል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ክፍት ነው። ማንም ማለት ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪንም፣ ሐይቅ ላይ ያለ መምህርንም ይጨምራል። የምልከታ ጊዜ ለማግኘት የሚጻፈው ማመልከቻም የሚገመገመው የጸሐፊው ስምና አገር ተሸፍኖ ነው። እንቅፋቱ ሌላ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይዘገያል፣ አንድ ፋይል ለማውረድ ሌሊቱን መጠበቅ ሊኖር ይችላል። የመማሪያ ጽሑፉም በአማርኛ የለም ማለት ይቻላል። አብሽሩ። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ በርቱ፤ ፓይተንን ተማሩ፤ እንግሊዝኛውን አትሽሹት። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ስታገኙ በምን ልሳሳት እችላለሁ ብሎ የመፈለግን ልማድ ከአሁኑ ያዙ፤ የላቦራቶሪ ሪፖርታችሁ ላይ ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመ ቁጥር ሲመጣ አትሰርዙት፣ ጻፉት።

የዋስፕ-39ቢን ስፔክትረም በላፕቶፑ ላይ ከፍቼዋለሁ፤ ፋይሉ ቀድሞ ስለወረደ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በ4.3 ላይ ያለው ትልቁ ጉብታ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ትንሿን በ4.05 ላይ ፈልጓት፤ ከእያንዳንዷ ነጥብ ላይና ታች የተዘረጋው ቀጭን ሰረዝ እርግጠኛ ያልሆንበት መጠን ነውና ጉብታዋ ከሰረዞቹ በላይ መውጣቷን ራሳችሁ ፍረዱ። ከኋላ ያላችሁ ተማሪዎች ወደፊት ቅረቡ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።